የማይድን ቁስል እንዴት ካንሰር ይሆናል?

ቢላ ሲቆርጥዎት አካባቢው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ይጠዘጥዛል። ሐኪሞች ይህን ብግነት ይሉታል። ሰውነት ጥገና ጀመረ ማለት ነው እንጂ በሽታ አይደለም።

ጥገናውን የሚጠሩት ሳይቶካይን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ናቸው። የሚሠሩት እንደ እድር ጥሩምባ ነው። የተጎዳው ሥፍራ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ነጭ የደም ሕዋሳት ይሰበሰባሉ፤ ቁስሉ ሲድን ጥሩምባው ዝም ይላል፣ ሁሉም ይበተናል።

ዝም ባይልስ? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ተሕዋስያንን የሚገድሉበት ኬሚካል የራሳችንን ዲኤንኤ፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ ያለውን የውርስ መመሪያም ይጎዳል። ቲኤንኤፍ አልፋና ኢንተርሉኪን 6 የተባሉት ሳይቶካይኖች ደግሞ የቆዳ ሕዋሳትን ተባዙ፣ አትሙቱ እያሉ ይገፋፋሉ። መሞት የነበረበት የተበላሸ ሕዋስ በዚህ ይተርፋል፤ ይራባልም። ቁስሉን ሊመግቡ የበቀሉት አዳዲስ የደም ሥሮች ዕጢውን ይቀልባሉ።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናት፣ ቲኤንኤፍ አልፋ የሌላቸው አይጦች ካንሰር አምጪ ኬሚካል ቆዳቸው ላይ ቢቀባም ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ዕጢ ነው ያወጡት።

በሰው ላይ ጉዳዩ የሚታየው በቃጠሎ ጠባሳና ለዓመታት ባመረቀዘ የእግር ቁስል ላይ ነው። በሽታው የማርዦላን ቁስል ይባላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1828 ስለ እንዲህ ያለ ቁስል ከጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። በልጅነቱ ምድጃ ላይ የወደቀ ሰው ካንሰሩ ብቅ የሚልበት ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ብዙ ይከላከላልና እኛን ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ይህ መንገድ ነው። አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ግን ፀሐይዋ ራሷ ዋና ጠላት ናት።

ጠባሳ ሁሉ ካንሰር ይሆናል? አይሆንም፤ አብዛኛው ዕድሜ ልኩን ጠባሳ ሆኖ ይኖራል። ታዲያ ለመከላከል ኢቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ መዋጥ ይጠቅማል? በራስዎ ውሳኔ አይሞክሩት። ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን ያደማሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ደግሞም ያለ ብግነት ቁስል አይድንም።

ምርመራው ቀላል ነው። ሐኪሙ ቦታውን አደንዝዞ ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ሥጋ ይቆርጥና ለላቦራቶሪ ይልካል። ቶሎ ከተደረሰበት ዕጢው ከዙሪያው ጤነኛ ቆዳ ጋር ተቆርጦ ይወጣል፣ ቦታው ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ቆዳ ይሸፈናል። ከዘገየ ግን ዋጋው እግር ሊሆን ይችላል፤ ወደ ንፍፊትና ወደ ሳንባ ከተዛመተ ደግሞ ሕይወት።

ስለዚህ ቁስልዎ ሦስት ወር አልፎት ካልዳነ፣ ወይም ጠርዙ ከጠጠረና ካበጠ፣ በትንሹ ከደማ፣ ሽታው ከተለወጠ፣ ቅባት እየለዋወጡ አይቆዩ። ሐኪም ቤት ሄደው ናሙና እንዲወሰድልዎ ይጠይቁ።