መብራት ሄዶ ሲመጣ የማይነሣ ፕሌይስቴሽን፦ በተሻሻሉ የጨዋታ መሣሪያዎች ላይ የሚታይ የመነሻ ችግርን በቅደም ተከተል ስለ መለየት

መግቢያ

በገርጂ የፕሌይስቴሽን ቤቶች መብራት በድንገት ሄዶ ሲመለስ፣ ጥቂት ቀደም ብሎ በደኅና ይሠራ የነበረ መሣሪያ ጨዋታ አልከፍት ማለቱ የተለመደ ነው። ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ «ተቃጥሏል» ብሎ ይደመድማል። ይሁንና በዚህ ቃል ሥር ሦስት የተለያዩ ችግሮች ይጠቃለላሉ፤ ሳይለዩ የሚወሰድ እርምጃም ከመብራቱ መጥፋት የከፋ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ይህ ጽሑፍ ሦስቱን ለይቶ ያብራራል።

የማሻሻያው መጥፋት

የተሻሻለ መሣሪያ የሚባለው አምራቹ ያልፈረመባቸውን ፕሮግራሞች እንዲያስኬድ የተደረገ ነው። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ማሻሻያው የሥርዓተ ክወናውን ከርነል የሚለውጠው ራም ውስጥ ነው። ራም ኃይል ሲቋረጥ ይዘቱን ስለሚያጣ መሣሪያው ወደ ፋብሪካ ጠባዩ ይመለሳል፤ በማሻሻያው የተጫኑ ጨዋታዎችም የቁልፍ ምልክት ያሳያሉ። መፍትሔው ማሻሻያውን እንደገና ማስነሣት ብቻ ነው። በፕሌይስቴሽን 3 ግን ሁለት ዓይነት አሠራር አለ፦ በፍላሽ ማኅደረ ትውስታ ላይ የተጻፈ የተሻሻለ ፈርምዌር ከኃይል መቋረጥ በኋላም ይቆያል፤ «ሄን» የሚባለው ግን መሣሪያው በተነሣ ቁጥር መከፈት አለበት።

የፋይል ሥርዓት ጉዳት

ኃይሉ የተቋረጠው ሃርድ ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ከሆነ የፋይል ሥርዓቱ ወይም የመረጃ ቋቱ ሊጎዳ ይችላል። መሣሪያው በራሱ ካልጠገነው በሴፍ ሞድ መግባት ያስፈልጋል። ለፕሌይስቴሽን 4፣ መሣሪያው ጠፍቶ ሳለ የማብሪያው ቁልፍ ሁለተኛው ድምፅ እስኪሰማ ሰባት ሰከንድ ያህል ይጫናል፤ ጆይስቲኩም በዩኤስቢ ገመድ ይገናኛል።

ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው። በፕሌይስቴሽን 4 የሴፍ ሞድ ዝርዝር 5ኛው ምርጫ የመረጃ ቋቱን ዳግም ይገነባል፤ ጨዋታዎቹን አያጠፋም። በፕሌይስቴሽን 3 ግን ይኸው ተግባር 4ኛው ሲሆን፣ 5ኛው በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ይሰርዛል። የአንዱን ቁጥር በቃል ይዞ በሌላው ላይ የሚሠራ ሰው ለዓመታት የተጠራቀመ ጨዋታ በአንድ ጊዜ ያጣል። በፕሌይስቴሽን 4 ላይ 3ኛውን ወይም 7ኛውን ምርጫ ተጠቅሞ አዲስ ፈርምዌር የጫነም ማሻሻያው የሚገባበትን ቀዳዳ ሊዘጋ ይችላል፤ በተለመደው መንገድም ወደ ቀድሞው ፈርምዌር መመለስ አይቻልም።

የሃርድዌር ብልሽት

ምንም መብራት የማያሳይ መሣሪያ በመጀመሪያ በሌላ ሶኬትና በሌላ ገመድ መሞከር አለበት፤ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ፕሌይስቴሽን 3 ለቅጽበት ቢጫ አብርቶ ቀይ ብልጭ ድርግም ካለ ጉዳዩ የጠጋኝ ነው፤ በሴፍ ሞድ የሚፈታ አይደለም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው፦ መጀመሪያ የመሣሪያውን መብራት፣ ቀጥሎ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን መልእክት፣ ከዚያም የማሻሻያውን ሁኔታ መመልከት፤ የሚሰርዙና ፈርምዌር የሚቀይሩ ምርጫዎችን ለመጨረሻ ማቆየት። ለመከላከል ደግሞ መብራት እንደ ሄደ መሣሪያውን ከሶኬት መንቀል ይገባል። ብዙዎች የሚተማመኑበት ስታቢላይዘር 220 ቮልቱን ያረጋጋል እንጂ ኃይል አያጠራቅምም፤ መሣሪያውን በሥርዓት ለመዝጋት የሚያስፈልጉትን ጥቂት ደቂቃዎች የሚሰጠው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው።