የሠራተኛ እንቅልፍ፦ ከ1930ዎቹ ወዲህ የታወቀውና የቀረው

ስለ እንቅልፍ የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ ወደ ተኚው ያነጣጠረ ነው፤ ስልክህን አርቅ፣ ቡና ቀንስ፣ በጊዜ ተኛ። ምክሩ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ሰርቪስ እንዳያመልጠው ሌሊት 10፡30 ላይ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የሚነሳ ሰው፣ ሰባት ሰዓት ለመተኛት ማታ 3፡30 ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። በትራንስፖርት ወረፋ አምሽቶ ቤቱ የገባ፣ እራት ያልበላ፣ ልጆቹን ያላስጠና ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል? የሰማንያና የዘጠና ዓመታቱን ጥናት በቅደም ተከተል ስንመለከት የሚታየው ለውጥ ይኸው ነው። እንቅልፍ የግል ጠባይ ጉዳይ ተደርጎ ተጀመረ፤ እያደር ግን የሥራ ሰዓት፣ የመኖሪያ ሰፈርና የሕግ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1938 ናትናኤል ክሌይትማን የተባለ ተመራማሪ ከአንድ ረዳቱ ጋር በአሜሪካ ኬንታኪ በሚገኘው የማሞዝ ዋሻ ውስጥ 32 ቀን ተቀመጠ። የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ጨለማ ሰውነታቸውን የ28 ሰዓት ቀን ሊያስለምዱት ሞከሩ። ወጣቱ ረዳት መላመድ ቻለ፤ የክሌይትማን ሰውነት ግን እንደ ወትሮው በ24 ሰዓት ዑደት ይሞቅና ይቀዘቅዝ ነበር። ይህ የውስጥ ሰዓት በሴል ደረጃ እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩ ሦስት ሳይንቲስቶች በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የሰው ልጅ ከብርሃንና ከጨለማ ጋር የተሠራ መሆኑ ከዚያ ወዲህ አላከራከረም።

ትልቁ ትምህርት ግን የመጣው ከዋሻም ከቤተ ሙከራም ሳይሆን ከለንደን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነው። በ1967 የተጀመረው የኋይትሆል ጥናት ከ17 ሺህ በላይ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን መዘገበ። ሁሉም ደመወዝተኞች ናቸው፤ ሁሉም በነጻ ይታከማሉ። የልብ ሕመም የአለቆች በሽታ ነው የሚለው ግምት በጊዜው የተለመደ ነበር፤ ኃላፊነቱም ጭንቀቱም የሚበዛው እነሱ ላይ ነውና። ማይክል ማርሞትና ባልደረቦቹ በ1978 ያወጡት ውጤት ተቃራኒውን አሳየ። ተላላኪዎችና በር ጠባቂዎች በልብ ሕመም የሚሞቱበት መጠን ከከፍተኛ ኃላፊዎቹ ሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ ነበር። ማጨስ፣ የደም ግፊትና ኮሌስትሮል አንድ ላይ ተደምረው የልዩነቱን ግማሽ እንኳ ማስረዳት አልቻሉም። በማግስቱ ዓመት ሮበርት ካራሴክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የጎደለውን ነገር ጠቆመ፤ ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው ብዙ እየተጠየቀ በገዛ ሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን ማጣቱ ነው።

ከ1985 ጀምሮ ሴቶችንም ጨምሮ 10,308 ሠራተኞችን የተከታተለው ሁለተኛው የኋይትሆል ጥናት ይህን ሐሳብ አጠናከረው። በ2007 ከዚሁ ጥናት የወጣ ጽሑፍ ደግሞ ነገሩን ከእንቅልፍ ጋር አገናኘው። ቀድሞ ስድስት፣ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ይተኙ የነበሩና ከዓመታት በኋላ እንቅልፋቸው ያጠረባቸው ሰዎች፣ በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው እንቅልፋቸው ካልተለወጠው ሰዎች በእጥፍ በልጦ ተገኘ። ጤነኛ ሰው ሲተኛ የደም ግፊቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ዝቅ ይላል፤ ልቡም የሚያርፈው ያኔ ነው። ቀኑን በስጋት የዋለ ሰው ግን የጭንቀት ሆርሞኖቹ ማታም በቀላሉ አይረጉለትም፤ አልጋ ላይ ሆኖም የደም ግፊቱ ላይወርድ ይችላል። ያጠረው እንቅልፍ በበኩሉ የማግስቱን ጭንቀት ያባብሰዋል።

ጃፓኖች ይህን የተረዱት በሞት ነው። በ1969 በአንድ ጋዜጣ የማከፋፈያ ክፍል ይሠራ የነበረ የ29 ዓመት ወጣት በስትሮክ ሞተ፤ በሥራ ብዛት የሚመጣውን ሞት አገሩ ካሮሺ ብሎ ጠራው። በትርፍ ሰዓት ሥራ ላይ በቅጣት የተደገፈ ጣሪያ በሕግ የተበጀው ግን በ2019 ነው፤ በመደበኛው በወር 45፣ በዓመት 360 ሰዓት። ሃምሳ ዓመት መሆኑ ነው። በ2021 የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በጋራ ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር ለስትሮክ የመጋለጥን ዕድል በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞትን በ17 በመቶ ያሳድጋል፤ በ2016 ብቻ 745 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ ሰበብ ሞተዋል። እዚህ ላይ የእኛን ሕግ ማየት ያስፈልጋል። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን ሥራ በሳምንት 48 ሰዓት ይገድባል፤ ትርፍ ሰዓት እስከ 12 ይፈቅዳል። ድምሩ 60 ነው። አሠሪው አንድም አንቀጽ ሳይጥስ ሠራተኛውን ከአደጋው መስመር ማሳለፍ ይችላል ማለት ነው።

«ለምጄዋለሁ፣ አምስት ሰዓት ይበቃኛል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በ2003 በአሜሪካ የተደረገ ሙከራ ለእነሱ የሚሆን መልስ አለው። ለሁለት ሳምንት በየሌሊቱ ስድስት ሰዓት ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ የተደረጉ ሰዎች ትኩረታቸውና ንቃታቸው ሙሉ ሌሊት ካልተኛ ሰው ጋር እኩል እስኪሆን ወረደ፤ እነሱ ግን ያን ያህል የደከሙ አይመስላቸውም ነበር። ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ1999፣ ስድስት ሌሊት አራት አራት ሰዓት የተኙ ጤነኛ ወጣቶች ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ እንደቀነሰ ታይቷል።

የሌሊት ሥራ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2007 የውስጥ ሰዓትን የሚያዛባ የፈረቃ ሥራን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከተባሉት ጎራ መደበው፤ በ2019 በድጋሚ መርምሮም ምደባውን አልለወጠም። በየባንኩና በየግቢው በር የሚያድሩ የጥበቃ ሠራተኞች፣ የሆስፒታል ተረኛ ነርሶች፣ በዋሽንግተን በመኪና ማቆሚያና በታክሲ ሌሊቱን የሚያሳልፉ ወገኖቻችን ቀን ይተኛሉ፤ የቀን እንቅልፍ ደግሞ በብርሃኑም በጫጫታውም ያጠረ ነው። የረጅም መንገድ አሽከርካሪዎቻችን ነቅተው ለማደር ጫት ይይዛሉ። ምርቃናው ካቲኖን ከተባለው ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው፤ ሲያበቃ እንቅልፍ ስለማይወስዳቸው ጨብሲ ይከተላል፤ አልኮሉ ያስተኛል፣ ግን የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ እንቅልፍ ይቆራርጠዋል። ይህን የሱስ ጉዳይ ብቻ አድርጎ መስበክ ይቀላል። ጭነቱን በማይቻል ሰዓት አድርስ የሚለው አሠሪ ግን ከስብከቱ ውጪ ይቀራል። ቡናም ቢሆን ከእንቅልፍ ስድስት ሰዓት በፊት በብዛት ከተጠጣ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ በ2013 በሙከራ ታይቷል። ከእራት በኋላ ለሚፈላው ጀበና ይህ ከባድ ዜና ነው።

ድምፅን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ2009 የሌሊት ድምፅ ከቤት ውጪ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል እንዳያልፍ መከረ። በአገራችን ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው የሌሊት መጠን 45 ነው። የምድር ወለሉ ለንግድ የተሰጠ ኮንዶሚኒየም ላይ፣ ከግሮሰሪ በላይ የሚኖር ሰው ይህ ቁጥር መኖሩን ቢሰማ ይገረማል። ጆሮ ሲተኙም አይዘጋም፤ ሰውየው ባይነቃ እንኳ በድምፁ የልብ ምቱ ይፈጥናል።

የጥንት ሰው ዘጠኝና አሥር ሰዓት ይተኛ ነበር የሚለውን ናፍቆት ግን አልጋራም። በ2015 በታንዛኒያ ሃድዛዎች፣ በናሚቢያ ሳኖችና በቦሊቪያ ቺማኔዎች ላይ የተደረገው ልኬት በአማካይ ከ5.7 እስከ 7.1 ሰዓት እንደሚተኙ አሳይቷል። መብራት የላቸውም፤ እንቅልፍ ማጣት ግን በመካከላቸው ብርቅ ነው። የሚያስተኛቸው የሌሊቱ ቅዝቃዜ፣ የሚቀሰቅሳቸውም ንጋቱ ነው፤ በዚህ መሐል የሚጠራቸው አለቃ የለም።

አለቃው ዛሬ በኪስ ውስጥ ያድራል። ማታ 4 ሰዓት ላይ በመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ የሚላክ ትእዛዝ ትርፍ ሰዓት ተብሎ አይመዘገብም። ፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ፣ አውስትራሊያ ከ2024 ጀምሮ ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጪ ያለመገኘት መብቱን በሕግ አስፍረዋል። እኛም ጥያቄውን በማኅበራት ድርድር ላይ ማንሳት የምንችልበት ጊዜ ነው፤ ወጪውም ብዙ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በየቤታችን ያለችው ሠራተኛ ናት። ከሁሉ ቀድማ ትነሳለች፣ ከሁሉ ኋላ ትተኛለች፤ አንዳንዴም መኝታዋ ኩሽና ነው። የ1156ቱ አዋጅ የቤት ውስጥ ግላዊ አገልግሎትን ከወሰኑ ውጪ ስላደረገው 48ቱም ሰዓት ለእሷ አልተቆጠረም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላሉት እኅቶቻችን ረፍት የምንጠይቀው በ2011 በጸደቀው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189 መሠረት ነው፤ ስምምነቱ ለቤት ሠራተኛ በየሳምንቱ ቢያንስ 24 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት ይላል። ያንኑ 24 ሰዓት በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳርና በሐዋሳ ያለ ቤተሰብ ሕግ ሳይጠብቅ ከመጪው እሑድ ጀምሮ ሊሰጥ ይችላል።