ከአዳማ እስከ በቆጂ፤ ሦስት ፊልሞች በአንድ መንገድ

አንባቢ ሆይ፤ ከአዳማ መናኸሪያ (ናዝሬት ማለት ከለመደልዎ ከናዝሬት) ተሳፍረው ወደ አሰላ የሄዱ እንደ ሆነ መንገዱን ያውቁታል። መኪናው መጀመሪያ ወደ አዋሽ ወንዝ ይወርዳል፤ መልካሳን አልፎ ዴራን፣ ኢተያንና ቁሉምሳን እያቋረጠ ደጋውን ይወጣል። ግራሩና አቧራው ቀርቶ ስንዴና ገብስ ይተካል። ጭላሎ ተራራ በስተ ግራ ይቆማል፤ ሰማዩ በጠራ ቀን ደግሞ በስተ ቀኝ፣ ከሩቅ፣ የዝዋይ ሐይቅ ያብለጨልጫል። አሰላ እስኪደርሱ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሳጉሬን አልፈው በቆጂ ለመግባት ከ50 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ይጨምራሉ።

ይህን ሁሉ መዘርዘሬ ስለ መንገድ ለማውራት አይደለም፤ ስለ ሲኒማ ነው። ከዚሁ መንገድ ማዶ፣ ከአርሲ አገር የተነሡ ሦስት ፊልሞች ዓለምን ዞረዋል። ሰሞኑን ሦስቱንም በተከታታይ አየኋቸው። ለየብቻ ሲታዩ የማይታወቅ አንድ ነገር ጎን ለጎን ሲታዩ ይገለጣል፤ ይኸውም ፊልም ሠሪ ከአንድ አገር ታሪክ ሲወስድ የማንን ስም ይዞ፣ የማንን ትቶ እንደሚሄድ ነው።

የመጀመሪያው በ1991 ዓ.ም. የታየው «ኢንዱራንስ» ነው፤ ጽናት ማለት ነው። ዲሬክተሩ እንግሊዛዊው ሌስሊ ዉድሄድ ሲሆን፣ ለተመልካች ያቀረበው የዋልት ዲስኒ ኩባንያ ነው። ታሪኩ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ኃይሌ ራሱ ራሱን ሆኖ ይሠራል፤ ልጅነቱን የወንድሙ ወይም የእኅቱ ልጅ የሆነ ዘመዱ፣ እናቱን ደግሞ ገዛ እኅቱ ሆነው ይጫወታሉ። ደብተሩን በግራ ክንዱ አቅፎ ትምህርት ቤት የሚሮጠውን ልጅ፣ የምሩጽ ይፍጠርን የሞስኮ ድል በ1972 ዓ.ም. በራዲዮ ሲሰማ ልቡ የሸፈተውን፣ አባቱ ግን ገበሬ እንዲሆን የሚሹትን ልጅ ታሪክ ያልሰማ ስለሌለ አልደግመውም። ፍጻሜው የ1988ቱ የአትላንታ ውድድር ነው፤ 27 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ከ34 ማይክሮ፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ልዩነት ተከትሎት።

ፊልሙ ያምራል። እንዲያውም አንዳንዴ ከመጠን በላይ ያምራል። የስንዴው ማሳና የጎጆው ጭስ እንደ ፖስታ ካርድ ተሥለዋል፤ ንግግሩም ጥቂት ነው። ሰው እየሮጠ ከድህነት ወጣ የሚለውን ከነገረን በኋላ ከዚያው ማሳ እየሮጡ ተነሥተው ስላልወጡት ሰዎች ምንም አይነግረንም። ጥፋት ነው አልልም፤ የጀግና ፊልም ነው። ከልጆችዎ ወይም ከታናናሽ ወንድሞችዎ ጋር ቢያዩት ደስ ይልዎታል።

ሁለተኛው ጭንቅ ያለበት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው «ድፍረት» በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ተዘጋጅቶ በአሜሪካ የሰንዳንስ፣ በጀርመን የበርሊን የፊልም በዓላት የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። አንጀሊና ጆሊ ስሟን ስላዋሰችው በውጭ አገር የታወቀው በዚሁ ነው። ርዕሱን ግን ፈረንጅ እንደ እኛ ሊያነበው አይችልም። ደፋር ሰው ደፈረ እንላለን፤ ሴት ተደፈረች እንላለን፤ ሁለቱም ከአንድ ግሥ ይወጣሉ። ፊልሙም በእነዚህ በሁለቱ ፍቺዎች መካከል ይመላለሳል።

ሂሩት የምትባል የ14 ዓመት ልጅ ወደ አምስተኛ ክፍል ማለፏን ሰምታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ይከቧታል። ትጠለፋለች፤ ትደፈራለች። በማግሥቱ የጠላፊውን ጠመንጃ ይዛ ትሸሻለች፤ ሲደርስባትም ትተኩሳለች። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ የፍርድ ቤትና የፖሊስ ጣቢያ ፊልም ይሆናል። ጠበቃዋ መዓዛ (ሜሮን ጌትነት ናት የምትጫወተው) ከቢሮ ወደ ቢሮ ስትመላለስ፣ ሽማግሎችም ከዛፍ ሥር ተቀምጠው በራሳቸው ሥርዐት ሲፈርዱ እናያለን። የሂሩትን ቦታ የያዘችው ትዝታ ሀገሬ ቃል ሳታበዛ፣ አቀርቅራ በመቀመጥ ብቻ ልብ ትበላለች።

በመሥሪያ ቤት የሚሠሩ አንባቢዎች ይህን ክፍል ከሌላው ይልቅ አስተውለው ይዩት። ሕጉ ምን ይል እንደ ነበር ማወቅ ይጠቅማልና። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ቢያደርገውም፣ ተጠላፊዋ በፈቃዷ ከጠላፊው ጋር ሕጋዊ ጋብቻ የፈጸመች እንደ ሆነ ጋብቻው በሕግ ካልፈረሰ በቀር ክስ አይቀርብም ይል ነበር። «በፈቃዷ» የምትለዋ ቃል በወረቀት ላይ ጥሩ ናት፤ በገጠር ጎጆ ውስጥ ግን ተደፍራ፣ ወላጆቿ አፍረው፣ ሽማግሌ መሐል ገብቶ የምትሰጠው ፈቃድ ምን ዓይነት ፈቃድ ነው? ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘግቶታል።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። በ1989 ዓ.ም. ገደማ በአርሲ ገጠር ተፈጽሟል። ልጅቱን ፍርድ ቤት ራሷን መከላከሏ ነው ብሎ በነጻ አሰናብቷታል። በስተጀርባዋ የቆመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር፤ የማኅበሩ መሥራች ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም ኋላ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ጠበቃዋ በፊልሙም መዓዛ ናት፤ ስሟ አልተለወጠም። የልጅቱ ስም ግን ሂሩት አልነበረም፤ አበራሽ በቀለ ነው። ፊልሙ ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ተመልካች ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ያሳገደችውም አበራሽ ነበረች፤ አቤቱታዋ ታሪኬን ያለ ፈቃዴ ወሰዱት የሚል ነው። ኋላ እገዳው ተነሥቶ ፊልሙ ታየ። ስም የሚለወጠው ባለቤቲቱን ለመጠበቅ ነው ይባል ይሆናል፤ መልካም ምክንያት ነው። ነገር ግን ልጅነቷ ያለ ፈቃዷ ስለ ተወሰደባት ሴት የሚናገር ፊልም፣ እርሷው አልፈቀድኩም ብላ የከሰሰችው መሆኑ፣ እኔን ከፊልሙ ይልቅ ብዙ ቀን አሳስቦኛል። ፊልሙን አይዩ አልልም፤ ይዩት። ስሟን ግን ይያዙ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። የአዳማ ሰው ከአርሲ በሚመጣው ገበሬ አፍ የሚሰማው ኦሮምኛ ነው። በፊልሙ ግን ገጠሬው ሁሉ አማርኛ ይናገራል። የበርሊን ተመልካች አያስተውለውም፤ እርስዎ ግን ያስተውሉታል።

ሦስተኛውን በ2004 ዓ.ም. የወጣውን «ታውን ኦቭ ራነርስ»፣ ማለት «የሯጮች ከተማ»ን፣ ያየው ሰው ከሁሉ ያነሰ ይመስለኛል። ዘጋቢ ፊልም ነው፤ ዲሬክተሩም እንግሊዛዊው ጄሪ ሮትዌል ነው። ቦታው በቆጂ ነው። በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያ ያገኘቻቸው አራት የወርቅ ሜዳልያዎች በሙሉ የሁለት ሰዎች፣ የቀነኒሳ በቀለና የጥሩነሽ ዲባባ ነበሩ፤ ሁለቱም የበቆጂ ልጆች፣ ሁለቱም የአሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ደቀ መዛሙርት ናቸው። ከእነርሱ በፊት ደራርቱ ቱሉ በዚያው ሜዳ ሮጣለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ካሜራውን ወደ እነዚህ ባለ ወርቆች ያዞር ነበር። ይህ ፊልም ግን ስማቸው ወዳልታወቀ ሁለት ልጃገረዶች ዞሮ ሦስት ዓመት ያህል ይከተላቸዋል። ተራኪው በመንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ ነው። ጎህ ሲቀድ ልጆቹ በብርድ ይሮጣሉ፤ አሠልጣኙ ይቆጣል፣ ይመክራል፣ ይስቃል። ከዚያ ልጃገረዶቹ ለክለብ ተመርጠው ከቤታቸው ይወጣሉ፤ ፊልሙም ከበፊቱ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። የተነገራቸውና ያገኙት አንድ አይሆንም። አንዷ ከሩቅ ሆና ወደ ቤቷ ስትናፍቅ ያየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለትምህርት ወይም ለመሥሪያ ቤት ምደባ ከአገሩ የወጣ ሰው ሁሉ ራሱን ያገኛል። ድል የለም፤ ሰንደቅ ዓላማም አይሰቀልም። ሮጦ ላልደረሰ ልጅ ምን እንደሚቀረው ግን ከሦስቱ ፊልሞች የጠየቀ ይህ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከሦስቱ አስበልጠዋለሁ።

ከየትኛው ልጀምር ቢሉኝ ከዚሁ ነው የምልዎት። ሦስቱም ከመቶ ደቂቃ አይበልጡም፤ አንድ ቅዳሜና እሑድ ይበቃቸዋል። «ድፍረት»ን ግን ታናናሽ እኅቶችዎን ሳይጠሩ አስቀድመው ብቻዎን ይዩት፤ ከዚያ በኋላ ከትልልቆቹ ጋር ተቀምጠው እንደ ገና ቢያዩት አይቆጭዎትም።