«ግብረ ሰዶም» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ከአባያ ሐይቅ ተነሥታችሁ ስምጥ ሸለቆውን ወደ ሰሜን ብትከተሉት፣ በአፋርና በቀይ ባሕር አድርጋችሁ ሙት ባሕር ትደርሳላችሁ። ሰዶም ነበረች የሚባለው እዚያ አካባቢ ነው። «ግብረ ሰዶም» የሚለው ቃል ከዚህች ከተማ የመጣ ሲሆን፣ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 ላይም አለ።

ግን ታሪኩ ራሱ ምን ይላል? እስቲ ዘፍጥረት 19ን ግለጡ። ሎጥ የመሸባቸውን ሁለት እንግዶች ያሳድራል፤ የከተማው ወንዶች ደግሞ ቤቱን ከበው «አውጣቸው» ይላሉ፣ ሊደፍሯቸው። (ሎጥ በምትካቸው ሴት ልጆቹን ማቅረቡ ሌላ ጉድ ነው!) «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ሲባል ሰምቶ ላደገ ሰው ነውሩ ግልጽ ነው። ተዋደው የተስማሙ ሁለት ሰዎች ግን ታሪኩ ውስጥ የሉም።

ሕዝቅኤል 16፥49 የሰዶምን ጥፋት ሲናገር የሚጠቅሰው ትዕቢትን፣ ጥጋብንና ድሃን አለመርዳትን ነው፤ ቀጥሎ «ርኩሰት» ይጨምራል። የይሁዳ መልእክት ግን ወደ ዝሙት ያጋድላል። እንግዲህ መጽሐፉ ውስጥ እንኳ አንድ ንባብ ብቻ የለም ማለት ነው።

ዘሌዋውያን 18 እና 20 ሌላ ጉዳይ ናቸው። እዚያ ክልከላው በቀጥታ ተጽፏል፤ ሊቃውንት የሚከራከሩት ለማንና ለምን እንደተጻፈ ነው። ሰዶምን ግን እዚያ ክርክር ውስጥ ባናስገባት ይሻላል።