የዓሣ አጥማጅ መዝገብ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በዕረፍት ቀን ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ወርዶ መንጠቆ የሚጥል ሰው ይህን ቢያስብበት መልካም ነው። ልብ ትልቁን ዓሣ አይረሳም፤ ባዶ እጅ የተመለሱበትን ቀን ግን ቶሎ ይዘነጋል።

ስለዚህ፥ ክቡር አንባቢ፥ አንድ ደብተር ይያዙ። ቀኑን፥ መንጠቆውን የጣሉበትንና ያነሡበትን ሰዓት፥ ስፍራውን፥ የነፋሱንና የውኃውን ሁኔታ፥ ዓሣው ቆሮሶ ወይም አምባዛ መሆኑን፥ ርዝመቱንም ይጻፉበት። ምንም ያልያዙበትን ቀን አይዝለሉ፤ ገቢው ተጽፎ ወጪው የቀረ መዝገብ ሒሳብ እንደማይባል ከመሥሪያ ቤትዎ ያውቁታል።

የተያዘው ዓሣ በሰዓት ይመዘን። በ3 ሰዓት 6 ዓሣ የያዘ ሰው በየሰዓቱ 2 ይዟል፤ በ8 ሰዓት 8 የያዘው ግን በየሰዓቱ 1 ብቻ ነው።

ጽሑፉ ለዓመታት ሲከማች ጥቅሙ ከአጥማጁ ያልፋል። በሰዓት የሚያዘው ቁጥር እያነሰ፥ ርዝመቱም እያጠረ ከሄደ፥ ከሐይቁ የሚወጣው ዓሣ ከሚተካው መብለጡን ሊያመለክት ይችላል። የጣና ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል በክረምት ወደ ወንዞች ይወጣል፤ በዚያን ጊዜም በመረብ በብዛት ይያዛል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 እጅግ መመናመኑን ባለሙያዎች ያረጋገጡት ዓመትን ከዓመት በሚያነጻጽር እንዲህ ባለ መዝገብ ነው።

ኮምፒዩተር ያለው ሰው ድምሩንና ንጽጽሩን ፈጥኖ ያገኛል። ቢሆንም ሐይቁ ዳር ውኃ በማያደበዝዘው እርሳስ ይጻፍና ማታ ወደ ኮምፒዩተሩ ይገልበጥ። ለነገ የተተወ ዓሣ በትዝታ ውስጥ ያድጋልና፥ በዕለቱ ለክቶ መጻፍ ይበጃል።