ከሜዳ ዳር የተቀዳ ድምፅ፣ ውጤቱን ያወቀ ጆሮ

የአሜሪካ ፉትቦል ደጋፊ የዋንጫውን ጨዋታ ሁለት ጊዜ ይከታተላል ማለት ይቻላል። በመጀመሪያ በዕለቱ፣ እንደማንኛውም ተመልካች፣ በምስልና በዘጋቢዎች ንግግር ይከታተለዋል፤ ከቀናት በኋላ ደግሞ በአሠልጣኞችና በተጫዋቾች ልብስ ውስጥ በተሰኩ ጥቃቅን ማይክሮፎኖች የተቀዳው ንግግር ሲለቀቅ ያንኑ ጨዋታ ከውስጥ ሆኖ እንደገና ይሰማዋል። ሱፐር ቦውል የሚባለው ይህ የፍጻሜ ግጥሚያ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚተላለፈው ሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ በመሆኑ አብዛኛው የአገር ቤት ሰው ተኝቶ ያሳልፈዋል፤ አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ግን በእሑድ ምሽት ከጎረቤቶቻቸው ጋር የሚያዩት፣ ልጆቻቸውም የሚያድጉበት ትልቅ በዓል ሆኗል። ደጋፊዎች ለዚህ ሁለተኛ፣ በጆሮ ለሚታይ ጨዋታ የሚሰጡት ምላሽ ራሱን የቻለ ጥናት ይገባዋል፤ ምክንያቱም አንድ ዓይነት ንግግር አንዱ ጋ ጀግንነት፣ ሌላው ጋ እብሪት ሆኖ የሚሰማበትን መንገድ ያሳያል።

የስፖርቱ አወቃቀር ለንግግር የተመቸ ነው። አጥቂው ቡድን ኳሷን ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል፣ ወደፊት ለማራመድ አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ጨዋታው ይቆማል፣ ተጫዋቾቹ ይሰበሰባሉ፣ ቀጣዩ እንቅስቃሴም በስሙ ተጠርቶ ይታዘዛል። በዚህ የተነሳ ከሦስት ሰዓት በላይ በሚወስድ ግጥሚያ ውስጥ ኳሷ በእርግጥ የምትንቀሳቀስበት ጊዜ ተደምሮ ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ጊዜ በአብዛኛው የመመካከር፣ የመገመትና የመወሰን ጊዜ ነው። በሌላ አነጋገር ይህ ስፖርት ግማሹ የሚካሄደው በአፍ ሲሆን፣ ተመልካቹ ለብዙ ዘመን ያንን ግማሽ ሳይሰማ ኖሯል።

እዚህ ላይ ሁለት የድምፅ መንገዶችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው አሠልጣኙ ኳርተርባክ ከሚባለው የማጥቃቱ መሪ ጋር የሚነጋገርበት የራስ ቁር ሬዲዮ ነው። የክሊቭላንዱ አሠልጣኝ ፖል ብራውን በ1956 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) ሞክረውት የፉትቦሉ ሊግ ኤንኤፍኤል ወዲያው አገደው፤ የተፈቀደው በ1994 ነበር፤ አሁንም ቢሆን ለቀጣዩ እንቅስቃሴ ከተሰጠው ጊዜ 15 ሰከንድ ሲቀር ግንኙነቱ ይቋረጣል። ይህ ሬዲዮ ምስጢር ስለሆነ ለሕዝብ አይሰማም። ሁለተኛው፣ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሆነው፣ ለፊልምና ለቴሌቪዥን ተብሎ የሚቀዳው ድምፅ ነው፤ እርሱም በተጫዋቾችና በአሠልጣኞች ልብስ ላይ ከሚሰኩ ማይክሮፎኖች፣ እንዲሁም ሠራተኞች ሜዳ ዳር ይዘውት ከሚዞሩት፣ የሩቁን ድምፅ ሰብስቦ ከሚያመጣ ሳህን መሰል መሣሪያ ይገኛል። አሠልጣኞች በወረቀት አፋቸውን ሸፍነው የሚያወሩት ይህ ሁሉ ጆሮና ዓይን በዙሪያቸው ስላለ ነው።

የዚህ ልማድ መነሻ ኤድ ሳቦል የሚባሉ የካፖርት ነጋዴ ናቸው። ሳቦል የልጃቸውን የትምህርት ቤት ጨዋታዎች በትንሽ ካሜራ ሲቀርጹ ቆይተው የ1962ቱን የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ የመቅረጽ መብት በ3,000 ዶላር ገዙ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ድርጅታቸው በሊጉ ሥር ገብቶ ኤንኤፍኤል ፊልምስ ተባለ። ድርጅቱ በአባትየውና በልጃቸው በስቲቭ ሳቦል እጅ ያደገው ጨዋታን እንደ ዜና ሳይሆን እንደ ታሪክ ፊልም የመቅረጽ ስልት ይዞ ነበር፤ ለታሪክ ፊልም ደግሞ ገጸ ባሕርያት መናገር አለባቸው።

እንዲናገሩ የተደረገበት ትልቁ አጋጣሚ በጃንዩወሪ 11 ቀን 1970 በኒው ኦርሊንስ የተካሄደው አራተኛው ሱፐር ቦውል ነው። የካንሳስ ሲቲ ቺፍስ አሠልጣኝ ሃንክ ስትራም ከሳቦሎች ጋር በምስጢር ተስማምተው ማይክሮፎን አስረው ሜዳ ገቡ፤ በሱፐር ቦውል ይህን ያደረገ የመጀመሪያው አሠልጣኝም ሆኑ። ተጋጣሚያቸው ሚኒሶታ ቫይኪንግስ እንደሚያሸንፍ በሰፊው ተገምቶ ነበር፤ ከዚያም በላይ ቺፍስ የመጡት ታናሽ ተደርጎ ከሚታየው ከተቀናቃኙ ሊግ ስለነበር፣ ደጋፊዎቻቸው ከአንድ ዋንጫ የሚበልጥ ቁጭት ይዘው ነበር ጨዋታውን የጠበቁት። ስትራም ግን በዚያ ቀን በቀረጻው ላይ የሚሰሙት ሲጨነቁ አይደለም፤ ይፎክራሉ፣ ይስቃሉ፣ በዳኞች ላይ ይነጫነጫሉ፣ የተጋጣሚው ተከላካዮች ግራ መጋባት ላይ ይቀልዳሉ፣ ልጆቻቸውን ኳሷን ወደፊት መግፋታቸውን እንዲቀጥሉ ያበረታታሉ። በሁለተኛው ሩብ ከግቡ መስመር 5 ያርድ ርቀት ላይ ሳሉ «65 ቶስ ፓወር ትራፕ» የተባለውን እንቅስቃሴ አዝዘው፣ መንገዱ ወለል ብሎ ሊከፈት እንደሚችል አጠገባቸው ላሉት ይነግራሉ፤ ከሰከንዶች በኋላ ሯጩ ማይክ ጋሬት በተከፈተው ክፍተት አልፎ ግብ ያስቆጥራል፣ ውጤቱም 16 ለ 0 ይሆናል። ጨዋታው 23 ለ 7 አለቀ።

ፊልሙ ሲታይ የካንሳስ ሲቲ ሰዎች ስትራምን እንደ ነቢይ ሰሟቸው፤ አነጋገራቸው የከተማው የዘወትር ቀልድና መፈክር ሆኖ እስከ ዛሬ ይደገማል። ይሁንና ድምፁ በተቀዳበት ሰዓት ማንም ነቢይ አልነበረም። ስትራም ከመቶ እንቅስቃሴዎች አንዱን አዝዘው ተስፋቸውን ተናገሩ፤ ጋሬት ቢወድቅ ኖሮ ያው ዓረፍተ ነገር ያለ ቦታው የተነገረ ፉከራ ይሆን ነበር፣ ወይም ይበልጥ በሚመስለው፣ ቆርጦ በሚጥለው የአርታኢ እጅ ይቀር ነበር። ደጋፊዎች የሜዳ ዳር ድምፅን የሚወዱት ውሳኔው ገና ያልታወቀበትን ቅጽበት ስለሚያሰማቸው ነው ይባላል፤ ነገር ግን የሚሰሙት ውጤቱን ባወቀ ጆሮ ስለሆነ ያንን ያልታወቀ ቅጽበት በትክክል ሊሰሙት አይችሉም። አሸናፊው ያለው ሁሉ ትንቢት ይመስላል፤ ተሸናፊው ያለው ሁሉ የጥፋት ማስረጃ ይሆናል።

ይህን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው በፌብሩወሪ 4 ቀን 2018 በሚኒያፖሊስ የተካሄደው ጨዋታ ነው። የፊላደልፊያ ኢግልስ ቀዳሚ ኳርተርባክ ካርሰን ዌንትዝ በዲሴምበር ስለተጎዳ ቡድኑን የሚመራው ተቀያሪው ኒክ ፎልስ ነበር። ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስን 15 ለ 12 እየመሩ፣ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ 38 ሰከንድ ሲቀር፣ ኢግልሶች አራተኛና የመጨረሻ ሙከራ ላይ ከግቡ መስመር አንድ ያርድ ያህል ርቀው ቆሙ። በዚህ ጊዜ የተለመደው ጥንቃቄ ኳሷን በእግር መትቶ ሦስት ነጥብ መያዝ ነው። ፎልስ ግን ወደ ሜዳው ዳር ሄዶ አሠልጣኝ ዳግ ፒደርሰንን «ፊሊ ፊሊ ትፈልጋለህ?» ብሎ ጠየቀ፤ አሠልጣኙ ለአፍታ ዝም ብለው «እሺ፣ እናድርገው» አሉ። ዕቅዱ ከሌሎቹ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ኳሷ ለኮሪ ክሌመንት ትሰጣለች፣ ክሌመንት ለትሬ በርተን ያቀብላል፣ በርተን ደግሞ ዘወትር ኳስ ወርዋሪ ለሆነው ለፎልስ ይወረውርለታል። ፎልስ ብቻውን ቆሞ ያዛት፤ ኢግልስም 41 ለ 33 አሸንፎ የመጀመሪያውን የሱፐር ቦውል ዋንጫ ወሰደ።

ንግግሩ በድምፅ ሲለቀቅ የፊላደልፊያ ሰዎች ያሳዩት ስሜት ከግቡ በላይ በውይይቱ ላይ ያተኮረ መሆኑ ያስገርማል። የዕቅዱ ትክክለኛ ስም «ፊሊ ስፔሻል» ሲሆን ፎልስ በችኮላ ያዛነፈው መሆኑ እንኳ ተወደደለት፤ የአሠልጣኙ የአፍታ ዝምታም እንደ ታላቅ ተዋናይ ጸጥታ ተደጋግሞ ተደመጠ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ከቡድኑ ስታዲየም ውጭ የነሐስ ሐውልት ቆመ፤ የሚያሳየውም ኳሷ የተያዘችበትን ቅጽበት ሳይሆን ሁለቱ ሰዎች ሜዳ ዳር ቆመው ሲነጋገሩ ነው። ሐውልቱን ያሠራው የቢራ ድርጅት ስለነበር ንግድም በነገሩ ውስጥ እጁ አለበት፤ ቢሆንም ለአንድ ጥያቄና ለአንድ መልስ ሐውልት የቆመበት ስፖርት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ድምፁ ባይቀዳ ኖሮ ሐውልቱ ምናልባት ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በፌብሩወሪ 1 ቀን 2015፣ የሲያትል ሲሆክስ አሠልጣኝ ፒት ካሮልም በተመሳሳይ ቦታ ቆመው ነበር። ከግቡ አንድ ያርድ ርቀት፣ 26 ሰከንድ ሲቀር፣ ቡድናቸው 28 ለ 24 እየተመራ፣ ሁሉም ሰው ኃይለኛው ሯጭ ማርሾን ሊንች ኳሷን ይዞ እንደሚገባ ሲጠብቅ፣ ሲያትሎች መወርወርን መረጡ። ማልኮም በትለር የሚባል፣ በምልመላው ማንም ቡድን ያልመረጠው አዲስ ተጫዋች በመካከል ገብቶ ኳሷን ነጠቀ፤ ዋንጫውም ለፓትሪየትስ ሆነ። ካሮል ለውሳኔያቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ሰዓቱንና የቀሯቸውን ዕረፍቶች አስልተው፣ ተጋጣሚው ለሩጫ የተዘጋጀ መሆኑን አይተው ነበር ያዘዙት። ይሁን እንጂ የሲያትል ደጋፊ ያንን ስሌት ሊሰማው አልፈለገም፤ ለዓመታትም በስፖርቱ ታሪክ ከታዘዙት ሁሉ የከፋው ትእዛዝ እየተባለ ሲወቀስ ኖረ። ፒደርሰንና ካሮል ሁለቱም የተለመደውን ትተው ያልተጠበቀውን አዘዙ፤ አንዱ ነሐስ ሆነ፣ ሌላው ተረት።

ድምፁ ያልተቀዳ ንግግር ምን እንደሚመስል የሚያስታውሰው የኳርተርባኩ የጆ ሞንታና ነገር ነው። በ1989ኙ ሱፐር ቦውል ሳን ፍራንሲስኮ እየተመራ ሳለ ሞንታና ለመጨረሻው ማጥቃት ተጫዋቾቹን ሰብስቦ፣ ጭንቀታቸውን ለማቅለል፣ ተመልካቾች መካከል ጆን ካንዲ የተባለውን የፊልም ተዋናይ እንዳየ ነገራቸው ይባላል። ይህን የምናውቀው በቦታው በነበሩት ሰዎች ትዝታ ነው። ከዚያ በኋላ ሞንታና ቡድኑን ለድል አብቅቷል፤ ባያበቃው ኖሮ ማን ያንን ቀልድ ያስታውስ ነበር?

በፌብሩወሪ 2020 ግን ትዝታ አላስፈለገም። ያው ቺፍስ፣ ከስትራም ድል 50 ዓመት በኋላ፣ በሳን ፍራንሲስኮ 20 ለ 10 እየተመራ ሳለ ኳርተርባኩ ፓትሪክ ማሆምስ «ዋስፕ» ለተባለው ዕቅድ ጊዜ ይኖር እንደሆነ ሜዳ ዳር ሲጠይቅ በማይክሮፎኑ ይሰማል። ጥያቄው ስለ ሰዓት አልነበረም፤ ዕቅዱ ኳስ ተቀባዩ ሩቅ እስኪደርስ ኳርተርባኩ እንዲጠብቅ ስለሚያስገድድ፣ ከፊቱ የሚቆሙት የቡድን ጓደኞቹ እስከዚያ ድረስ የተጋጣሚውን ተከላካዮች ሊያግዱለት ይችሉ እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ነበር። ተፈቀደለት፤ ለታይሪክ ሂል 44 ያርድ ወረወረ፤ ጨዋታውም 31 ለ 20 በቺፍስ አሸናፊነት አለቀ። ደጋፊዎች ያንን አጭር ጥያቄ ሲሰሙ የመረጋጋት ምልክት አድርገው ወሰዱት፤ በዚያው ጨዋታ ማሆምስ ሁለት ኳስ ለተጋጣሚ ማስነጠቁ ከትረካው ወጣ።

ከትረካው የሚወጣውን የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በደጋፊዎች ዘንድ ብዙም አይነሳም፤ መነሳት ግን ነበረበት። ኤንኤፍኤል ፊልምስ የሊጉ ንብረት ነው፤ ለሰዓታት የተቀዳው ድምፅ ተመርጦ፣ ስድቡ ተሸፍኖ፣ ለቡድኖች ምስጢር የሆነው ወጥቶለት ነው ለሕዝብ የሚደርሰው። ሥራው በጥበብ የተሠራ በመሆኑ አይወቀስም፤ ነገር ግን «እውነተኛው ድምፅ» ተብሎ የሚደመጠው ባለቤቱ ስለራሱ የሚናገረው ታሪክ መሆኑ መረሳት የለበትም። ድምፅ በማይኖርበት ጊዜ ደግሞ ደጋፊው ራሱ ይሞላዋል። በ2024ቱ ሱፐር ቦውል የቺፍሱ ተጫዋች ትራቪስ ኬልሲ በአሠልጣኙ አንዲ ሪድ ላይ ጮኾ ሲገፋቸው፣ ሪድም ሚዛናቸውን ሊስቱ ሲሉ በቴሌቪዥን ታየ እንጂ ቃሉ ለተመልካች አልተሰማም። ለጥቂት ሰዓታት ሚሊዮኖች የከንፈሩን እንቅስቃሴ እየተረጎሙ ተከራከሩ፤ ቺፍስ በተጨማሪ ሰዓት 25 ለ 22 ካሸነፈ በኋላ ግን አብዛኛው የቡድኑ ደጋፊ ድርጊቱን የማሸነፍ ጥማት ብሎ አለፈው።

የአዲስ አበባ ደጋፊ በቅርብ የሚያውቀው ሌላው እግር ኳስ ተቃራኒውን ምሳሌ ያቀርባል። በሴፕቴምበር 30 ቀን 2023 ሊቨርፑል ከቶተንሃም ሲጫወት ሉዊስ ዲያዝ ያስቆጠረው ትክክለኛ ግብ ከጨዋታ ውጭ ተብሎ ተሻረ፤ የቪዲዮ ዳኞቹ ግቡ በሜዳው ዳኛ የጸደቀ መስሏቸው ምርመራቸውን ጨርሰናል አሉ፣ ጨዋታውም ቀጠለ። ከቀናት በኋላ የዳኞቹ ማኅበር የንግግራቸውን ድምፅ ሲለቅ፣ ምስሉን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ስሕተቱን ነቅቶ ሲያስጠነቅቅ፣ የቪዲዮ ዳኛው ደግሞ ጨዋታው ስለቀጠለ ምንም ማድረግ እንደማይቻል ሲመልስ በግልጽ ተሰማ። ሊቨርፑል በጭማሪ ደቂቃ በራሱ ተጫዋች በተቆጠረ ግብ 2 ለ 1 ተሸንፎ ስለነበር በዚያ ድምፅ ውስጥ ወደ ጀግንነት የሚቀየር አንድም ቃል አልነበረም። ድምፁ የወጣው እንዲወደድ ሳይሆን እንዲመረመር ነው፤ የሊቨርፑል ደጋፊዎችም በሰሙት አልረኩም፣ ክለቡ ራሱ ድምፁ እንዲሰጠው በይፋ ጠይቆ ነበርና ከሰሙት በኋላ ክርክሩ ከግቡ ወደ አሠራሩ ዞረ፦ የቪዲዮ ዳኛው ስሕተቱን ካወቀ በኋላ ጨዋታውን እንዳያስቆም የከለከለው ሕግ ለምን ጸንቶ ይቆያል የሚለው ጥያቄ ላይ ደረሰ።