እፎይታ ከየት ይመጣል?

ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በጎብዬና በአካባቢዋ የራያ ቆላ፣ አርሶ አደሩን በየዓመቱ አንድ ከባድ ውሳኔ ይጠብቀዋል። ለመድረስ ብዙ ወራት የሚፈልገውን ማሽላ በሚያዝያ ዝናብ ይዘራል፤ ዝናቡ ከቀረ ወይም ቡቃያው ከደረቀ ግን ማሳውን ገልብጦ በሐምሌ ጤፍ መዝራት ይኖርበታል። ቢቸኩል ማሽላውን ያጣል፤ ቢዘገይ ጤፉም አይደርስለትም። በእነዚያ ሳምንታት እንቅልፍ ይርቃል፣ ደረት ይጠባል፣ ቁጣም ይቀርባል። ዝናቡ የጣለ ዕለት ደግሞ ሁሉም ሳይማከር አንድ ቃል ይናገራል፤ «እፎይ!»

ይህ ቃል ከቃልነቱ ይልቅ ትንፋሽነቱ ያመዝናል። ነፍስ፣ ነፋስና ትንፋሽ የሚሉት ቃላት ከአንድ ሥር መገኘታቸውም ሕዝቡ የትንፋሽንና የሕይወትን ዝምድና ከጥንት ጀምሮ እንዳስተዋለ ያመለክታል። በዚህ ጽሑፍ ያ ረጅም ትንፋሽ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ በየዕለቱ ታስቦበት ቢደረግ ምን እንደሚጠቅምና ጥቅሙ የት ላይ እንደሚያበቃ እንመለከታለን።

ሰውነት አደጋን ሲቀበል

አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ እንስሳ አደጋ ሲገጥመው ሰውነቱ ለመታገል ወይም ለመሸሽ ይዘጋጃል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም ያመነጫሉ። ልብ ይፈጥናል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። ጥቂት ደቂቃዎች ቆይቶም ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞን ይከተላል። በመንገድ ላይ ጅብ ለገጠመው ሰው ይህ ዝግጅት ሕይወት አዳኝ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ጅቡ አልሄድ ሲል ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የአንበጣ መንጋ የራያን ማሽላ አወደመ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደግሞ ጦርነት ወደ አካባቢው ደረሰ። እንዲህ ያለ ተደራራቢ መከራ ያለፈበት ሰው አደጋው ከዓይኑ ከራቀ በኋላም ሰውነቱ በተጠንቀቅ ሊቆይ ይችላል። ሃንስ ሴልዬ እ.ኤ.አ. በ1936 በአይጦች ላይ ባደረገው ምርምር፣ ጉዳቱ ምንም ዓይነት ቢሆን አድሬናል ዕጢዎች እንደሚያብጡና ጨጓራ እንደሚቆስል አሳይቷል። በሰው ላይ ጽኑ ውጥረት አመዛዝኖ ለመወሰን የሚያገለግለውን ከግንባር በስተጀርባ ያለውን የአንጎል ክፍል ሥራ ያውካል። ይኸውም ማሽላውን ለመገልበጥ ወይም ለመጠበቅ የሚወስነው ክፍል መሆኑ ነው።

ትንፋሽ የሚከፍተው በር

ልባችንን «ቀስ በል» ብለን ማዘዝ አንችልም፤ ጨጓራችንም አይሰማንም። ትንፋሽ ግን ከሁለቱም ይለያል። ስንተኛ በራሱ ይሠራል፤ ስንፈልግ ደግሞ እናዝዘዋለን። ስለዚህ ፈቃዳችን ወደማይገዛው የነርቭ ሥርዓት የሚያስገባ በር ሊባል ይችላል።

አንባቢ ይህንን በራሱ ላይ መሞከር ይችላል። ጣትን በእጅ አንጓ ላይ አሳርፎ የደም ሥር ምትን እየተከታተሉ በዝግታ ቢተነፍሱ፣ አየር ሲገባ ምቱ ሲፈጥን፣ ሲወጣ ደግሞ ሲዘገይ ይስተዋላል። ምክንያቱ ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ ወደ ልብ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ እንደ ልጓም ልብን ይገታል፤ አየር ስናስገባ ልጓሙ ይላላል፣ ስናስወጣ ይጠብቃል። በመሆኑም አየር የምናስወጣበት ጊዜ ሲረዝም ልብ የበለጠ ይረጋጋል።

በእረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ 23 ጤነኛ ሰዎች የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት ወይም የሕንዶችን ማንትራ ሲደግሙ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ወርዶ፣ የደም ግፊትን የሚያስተካክለው የሰውነት ሥርዓት ንቁ ሆኖ ተገኝቷል። በራያ መቁጠሪያ ይዞ በዝግታ የሚጸልይ ክርስቲያንም ሆነ በሙስበሃ ዚክር የሚያደርግ ሙስሊም ይህን የተረጋጋ ምት ከልማዱ ያውቀዋል። የጸሎት ትርጉም በልብ ምት አይለካም፤ ዝግታው ግን ለሰውነትም ይተርፋል።

መረጃው ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ግምገማ 3,515 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 47 ሙከራዎች መርምሮ፣ የተመስጦ ልምምድ ጭንቀትን፣ ድብርትንና ሕመምን በመጠኑ እንደሚያቀል አረጋግጧል። ከመድኃኒት ወይም ከአካል እንቅስቃሴ እንደሚበልጥ ግን ማስረጃ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2023 በስታንፎርድ ተመራማሪዎች በወጣው ጥናት ደግሞ፣ በቀን 5 ደቂቃ ለአንድ ወር ከተሞከሩት ልምምዶች መካከል ስሜትን ይበልጥ ያሻሻለው ረጅም አወጣጥ ያለው ትንፋሽ፣ ማለትም «እፎይ» የምንለው ዓይነት ነበር።

ወደ እኛ የሚቀርበው ምሳሌ ከኡጋንዳ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በድምፅ በተቀዳ ትምህርትና በሥዕላዊ መጽሐፍ የሚሰጥ ውጥረትን የመቋቋሚያ ሥልጠና በ694 የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች ላይ ተፈትኖ፣ ሠልጣኞቹ ከሦስት ወር በኋላ ጭንቀታቸው ካልሠለጠኑት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል።

የዕለት ልምምድ

ቡናው እስኪፈላ ያለው ጊዜ ይበቃል። ተቀምጦ፣ እግርን መሬት ላይ አሳርፎ፣ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ማስገባት፣ ከዚያም እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት ነው። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ሰከንድ ከሆነ፣ በደቂቃ 6፣ በ5 ደቂቃ 30 ትንፋሽ ይሆናል። ሐሳብ ሲሸሽ ሳይቆጡ ወደ ቁጥሩ መመለስ ይገባል። ራስ ካዞረ ማቆምና እንደ ወትሮው መተንፈስ ያሻል። የጦርነት ትዝታ ያለበት ሰው ዓይን መጨፈን ከከበደው ዓይኑን ገልጦ በፊቱ ያለን አንድ ነገር ይመልከት። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ተስፋ መቁረጡ ወይም ድንጋጤው ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

ትንፋሽ ዝናብ አያዘንብም፤ የወደመ አዝመራም አይመልስም። ነገር ግን ደመናውን አይቶ «ልገልብጠው ወይስ ልጠብቀው?» የሚለው ገበሬ የተረጋጋ አእምሮ ያስፈልገዋል። እፎይታን ዝናቡ እስኪጥል መጠበቅ የለበትም፤ ከውሳኔው በፊትም ጥቂቱን ከገዛ ትንፋሹ ሊያገኘው ይችላል።